በስድስት ኪሎ እየተማሩ አዲስ አበባን ለማየት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሩቅ አገር ተመድቦ ስድስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ፣ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያ ስህተቱ «ከተማዋን ፈተና ሲያልቅ አያታለሁ» ማለቱ ነው። አሳይመንቱ ሚዱን፣ ሚዱ ፋይናሉን እያስከተለ መንፈቀ ዓመቱ ያልቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። ከጥናት የሚተርፍ ጊዜ ከተጠበቀ መቼም አይገኝም። ስለዚህ ለከተማዋ እንደ አንድ ኮርስ በሳምንቱ ፕሮግራም ውስጥ ቋሚ ሰዓት ሊያዝላት ይገባል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይበቃል።

ሁለተኛው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ የሠራሁት ስህተት፣ ከተማ ማለት በታክሲ የሚደረስበት ሩቅ ቦታ ብቻ እንደሆነ ማሰብ ነው። ዋናው ግቢ ራሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በውስጡ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ሳይቀር ጠብቆ ያሳያል። ከሕንፃው ደጅ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሽስቶች የሙሶሊኒን የሥልጣን ዘመን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን እየቆጠሩ ያሠሩት ሲሆን፣ አሁን ከላይኛው እርከን ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። እኔ ሃንድአውት ታቅፌ ስንት ጊዜ በአጠገቡ እንዳለፍኩ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። ከበሩ ሲወጡ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ፤ የ1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በዙሪያው ተቀርጾበታል። ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ሲወርዱ የድንቅነሽ (የሉሲ) አፅም ቅጂ የሚታይበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ሽቅብ ሲወጡ የሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ገበያ ይገኛል። ለዚህ ሁሉ እግር ይበቃል።

ሦስተኛው ስህተት የመመለሻውን ሰዓት አለመቁጠር ነው። መርካቶ ለመሄድ ያሰበ ተማሪ የሚያሰላው የመሄጃውን ብቻ ነው፤ አመሻሽ ላይ ግን የታክሲው ሰልፍና መንገዱ ሲጨናነቅ የሚባክነው ጊዜ ለማታ ጥናት የታሰበውን ሰዓት ይበላዋል። ከ10 ሰዓት በፊት መመለስ ወይም ሰኞ የሚረከብ ሥራ በሌለበት ሳምንት መውጣት ይሻላል።

ሃንድአውት ይዞ መውጣትም አያዋጣም፤ ካፌ ተቀምጠው ሲገልጡት ጥናቱም መውጣቱም ግማሽ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ እንጦጦን ከሁለት ክፍለ ጊዜ መሀል ለማስገባት መሞከር ስህተት ነው። ዳገቱ፣ የእንጦጦ ማርያም ቅጥርና የምኒልክ ቤተ መንግሥት ሙሉ ቀን ይፈልጋሉ። ሚድ ካለቀ በኋላ ያለው የመጀመሪያው እሑድ ከወዲሁ ለእሱ ይያዝ።