ሞተሩን ቆልፉበት፣ ድንች አምጡ

ደብረ ብርሃን ላይ የተማሪዎች ሮቦቲክስ ክበብ አስተባብራለሁ። የመጀመሪያው ሮቦታችን ያነሳል፣ ይወረውራል፣ ይንጠለጠላል ተብሎ ነበር የተሠራው። ሜዳ ላይ ሲወጣ ክንዱ ተጣመመና ቆመ። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ማለት ይሄኔ ነው።

አሁን የውድድሩ ጨዋታ ደንብ እንደወጣ የሞተሩን ካርቶን እቆልፍበታለሁ። ልጆቹ ያኮርፋሉ። ያኩርፉ። መጀመሪያ ደንቡ ይነበብና የነጥቡ ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።

የምንለማመደው ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ሮቦት ውድድር የ2024-25 (እ.ኤ.አ.) ጨዋታ ነው። ሮቦቱ 30 ሰከንድ በራሱ ይሠራል፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ተማሪዎች ይነዱታል። አንድ ዕቃ ታችኛው ቅርጫት ሲገባ 4 ነጥብ፣ ላይኛው ሲገባ 8 ነጥብ ያስገኛል። በአንዴ መያዝ የሚቻለው አንድ ብቻ ነው።

በየጎኑ 3.66 ሜትር የሆነውን ሜዳ ወለሉ ላይ በጠመኔ እናሰምራለን። ዕቃው ድንች ነው፤ እሱ እዚህ አይጠፋም። አንዷ ተማሪ ሮቦት ትሆናለች። መሮጥ የለም፣ ተረከዝ ከጣት እያገናኘች ነው የምትሄደው። ድንቹን ስታነሳ እስከ ሦስት ትቆጥራለች፣ ላይኛው ቅርጫት ስትከት ደግሞ እስከ ስድስት። ሌላው በስልኩ ሰዓት ይይዛል።

ባለፈው አንዱ ምልልስ ለታችኛው 12፣ ለላይኛው 15 ሰከንድ ፈጀ። በ2 ደቂቃ ታች 10 ድንች፣ 40 ነጥብ። ላይ 8 ድንች፣ 64 ነጥብ። የላይኛው እጥፍ ጊዜ እስካልወሰደ ድረስ ያዋጣል ማለት ነው። ይህን ያሰላችልን ዝምተኛ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። ሁለት ቀን የተጨቃጨቅንበት ነገር በአንድ ጠመኔ አለቀ።

መጨረሻ ላይ መንጠልጠልም በዚሁ ይመዘናል። የመንጠልጠሉ ሁለተኛ እርከን 15 ነጥብ ነው፤ በ30 ሰከንድ ላይኛው ቅርጫት የሚገቡት ሁለት ድንቾች 16 ናቸው። የሦስተኛው እርከን 30 ነጥብ ያጓጓል፤ የእኛ ሞተሮች ግን ስለማይችሉት ተውነው። «የማንሠራው» የሚል ዓምድ ሰሌዳው ላይ አለን፣ በጣም የሚያጨቃጭቀውም እሱ ነው።

ንድፉ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሮቦቱ ሲነሳ በየጎኑ 45.7 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሳጥን ማለፍ የለበትም። ያን የሚያህል ካርቶን ጥግ ላይ አስቀምጡ፤ የማይገባበት ሐሳብ እዚያው ይቀራል። ላይኛው ቅርጫት ግን 109 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ተጣጥፎ የሚዘረጋ ክንድ ግድ ነው። መጀመሪያ በካርቶን ሥሩት።

የእኛ አገር ሰው ከሆናችሁ አንድ ነገር፦ ጠዋት ባትሪውን በጋቢ ጠቅልሉት። ብርድ አቅሙን ስለሚቀንሰው የያዛችሁት ሰዓት ያሳስታችኋል።