የሥራ ሸሚዝ ለምን ቶሎ ይበላሻል? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ሸሚዝ ሲበላሽ ጥፋቱ ቶሎ አጣቢው ላይ ይላከካል። አልፎ አልፎ እውነት ነው። አብዛኛው ችግር ግን ሸሚዙ ገና ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ አብሮት የነበረ ነው። ዋጋው ብዙ አይነግራችሁም፣ አንገቱ ላይ የተሰፋው ስምም እንደዚያው። የት የት እንደሚታይ ላወቀ ሰው ግን ጨርቁ፣ ስፌቱና ኮሌታው ብዙ ይናገራሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ ቤት ያለውን ሸሚዝ እንዴት ማዳን እንደሚቻልም፣ ቀጣዩን ስትገዙ ያው ችግር እንዳይደገም ምን ማየት እንዳለባችሁም እጽፋለሁ።

ኮሌታው ከታጠበ በኋላ ያብጣል

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰው ሲያናግራችሁ ዓይኑ የሚያርፈው ፊታችሁ ላይ፣ ቀጥሎም ኮሌታችሁ ላይ ነው። ሌላው በኮት ሊሸፈን ይችላል፣ ኮሌታ ግን መደበቂያ የለውም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ኮሌታው ላይ ትንንሽ እብጠቶች ይወጣሉ፣ ሲተኮስ ይተኛሉ፣ ሲታጠብ ይመለሳሉ።

ምክንያቱ ውስጡ ነው። በኮሌታው ሁለት ጨርቆች መሀል ቅርጽ እንዲይዝ የሚገባ ማጠንከሪያ አለ። በአብዛኛው ሸሚዝ ላይ ይህ ማጠንከሪያ በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ከላይኛው ጨርቅ ጋር ይጣበቃል። ሙጫው ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጨርቁና ማጠንከሪያው ሲታጠቡ እኩል ካልተኮማተሩ፣ ቦታ ቦታውን እየለቀቀ ያብጣል። ጥፋቱ የካውያው አይደለም።

አንዴ ከለቀቀ ሙሉ በሙሉ የሚመለስበት መንገድ የለም፣ ይህን በግልጽ ልንገራችሁ። ግን ሞክሩ። ኮሌታውን በትንሹ አርጥቡት፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፣ ከዚያ ካውያውን ወዲያ ወዲህ ሳታደርጉ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑትና ሳትነኩት ይቀዝቅዝ። አንዳንዴ ሙጫው ሞቆ መልሶ ይይዛል። ከዚያ በኋላ በሞቀ ውሃ አትጠቡት፣ በማሽን ማድረቂያም አታድርቁት።

ስትገዙ ደግሞ የኮሌታውን የላይኛውን ጨርቅ በአንድ እጅ፣ የታችኛውን በሌላው እጅ በጣት ቆንጥጣችሁ ለያዩት። ማጠንከሪያው መሀል ላይ ለብቻው ሲንሸራተት ከተሰማችሁ በስፌት ብቻ የተያዘ ነው፣ እንዲህ ዓይነቱ በሙጫ ምክንያት ሊያብጥ አይችልም። ሲተኮስ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው። የተጣበቀ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም፣ በጥሩ ሙጫ ተጣብቀው ለዓመታት የሚቆዩ አሉ። የተጣበቀው ገና ከሱቅ ሳይወጣ ጠርዙ ላይ አረፋ ቢጤ የሚታይበት ከሆነ ግን መልሳችሁ ስቀሉት።

በቁልፎቹ መሀል ይከፈታል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ እጅ ሲነሳ ከሱሪ ይወጣል

ሦስቱን አንድ ላይ ያደረግኳቸው መነሻቸው አንድ ስለሆነ ነው፤ ልክ። ከጨርቅም ከስፌትም በፊት ልክ ይቀድማል። ውድ ጨርቅ ያለልኩ ተለብሶ ርካሽ ይመስላል፣ መካከለኛ ጨርቅ በልኩ ሲሆን ደግሞ ማንም ዋጋውን አይጠይቅም።

ደረት ወይም ሆድ ላይ በቁልፎቹ መሀል ከተከፈተ፣ ወይም ከቁልፉ ግራና ቀኝ የተወጠረ ሽብሽብ ከወጣ፣ ጠቧል ማለት ነው። ልብስ ሰፊ ማጥበብ ይችላል፣ ማስፋት ግን አይችልም ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ውስጥ የተረፈው የስፌት ጨርቅ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሰውነታችሁ በሰፋበት ቦታ ልክ ግዙ፣ የቀረውን አስጠብቡ። ስትለኩ ደግሞ ቆማችሁ ብቻ አትለኩ፣ ቁጭ በሉ። የሥራ ቀን አብዛኛው የሚያልቀው ወንበር ላይ ነው። ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ከቁልፎቹ አንዱ በትክክል በደረት ትይዩ መዋሉን እዩ። ከሱ በላይና በታች ከሆነ መሀሉ መከፈቱ አይቀርም። ቤት ያለው እንደዚያ ከሆነ ከውስጥ በኩል ተጭኖ የሚዘጋ ትንሽ ቁልፍ አሰፉበት፣ ከውጭ አይታይም።

የትከሻው ስፌት የትከሻ አጥንት በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ክንድ ከወረደ ሰፍቷል፣ ወደ አንገት ከገባ ጠቧል። እዚህ ላይ አትደራደሩ። ትከሻ ለማስተካከል እጅጌው ተፈትቶ እንደገና መሰፋት አለበት፣ ድካሙም ወጪውም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። አንገቱን እስከላይ ቆልፋችሁ ሁለት ጣት ሲገባ ልክ ነው። እጅጌው ክንዳችሁን አጥፋችሁም የእጅ አንጓ አጥንቱን መሸፈን አለበት።

እጅ ሲነሳ ከሱሪ የሚወጣውን ብዙ ሰው በረጅም ሸሚዝ ሊፈታው ይሞክራል። ርዝመቱ አንድ ነገር ነው፣ ሸሚዙ ከመቀመጫ በታች መውረድ አለበት። ዋናው ጥፋተኛ ግን ብዙ ጊዜ ብብቱ ጋ ያለው የእጅጌ መግቢያ ነው። ያ መግቢያ ወደ ጎን ወርዶ ከተቆረጠ፣ ክንድ ሲነሳ የሸሚዙን ገላ በሙሉ ይዞ ይነሳል። ወደ ብብት ተጠግቶ የተቆረጠ ከሆነ ክንዱ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ መስታወት ፊት ሁለቱንም እጃችሁን አንሱ፣ ልክ መደርደሪያ ላይ ፋይል እንደምታወርዱ። ሸሚዙ ከወገባችሁ ብዙ ከተነሳ ሌላ ሞዴል ሞክሩ። ትልቅ ቁጥር መውሰድ ነገሩን ያባብሰዋል።

ነጩ ሸሚዝ ብብቱ ጋ ቢጫ ሆነ

ላብ ነው ትላላችሁ። ላብ ብቻውን አይደለም። ላብ በሚያስቆሙ ዲኦድራንቶች ውስጥ የአሉሚኒየም ጨው አለ። እሱ ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ ጨርቁ ላይ ሲቀመጥ ቢጫና ደረቅ ያለ ቅሪት ይተዋል። እዚህ ላይ በረኪና የሚያፈስ ሰው ነገሩን ያባብሰዋል፣ ክሎሪን እንዲህ ያለውን ቢጫ ጭራሽ ሊያደምቀው ይችላል።

ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሱና ቦታው ላይ ቀቡት። አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አሽታችሁ እጠቡት። ለቆየ ቢጫ ክሎሪን የሌለበትን፣ በኦክስጅን የሚሠራውን የማንጫ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ ለብዙ ሰዓት ዘፍዝፉት። አንድ ነገር አደራ፤ ቢጫው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ካውያ አታስነኩት። ሙቀት እድፍን ጨርቁ ላይ ያጸናዋል፣ ከዚያ በኋላ ማስለቀቁ ሌላ ሥራ ነው። ከአሁን በኋላ ደግሞ ዲኦድራንቱ ሳይደርቅ ሸሚዝ አትልበሱ፣ የለበሳችሁትንም ሳምንት ሙሉ ቅርጫት ውስጥ አታሳድሩት። ስስ ካናቴራ ከሥር መልበስ ብዙ ያድናል።

ካናቴራ ካልን አይቀር፣ ነጭ ሸሚዝ ውስጡን እያሳየ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ነጭ ካናቴራ አትልበሱበት። ከቆዳችሁ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ልበሱ፣ ይጠፋል። ስትገዙ እጃችሁን ሸሚዙ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻችሁ አንድ በአንድ ከተቆጠሩ ጨርቁ ስስ ነው።

ጨርቁ ላይ ድቡልቡል ክሮች ወጡ

ኮሌታው ዙሪያ፣ ብብቱ ጋ፣ ቦርሳ በሚታሸበት ጎን ላይ ትንንሽ ድቡልቡል ክሮች ይወጣሉ። ጨርቁ የተሠራበት ጥጥ ቃጫው አጭር ሲሆን ጫፎቹ ከክሩ ሾልከው ይወጡና እርስ በርስ ይጠቀለላሉ። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሲሆን ይብሳል፣ ምክንያቱም ፖሊስተር ጠንካራ ስለሆነ ድቡልቡሉን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ተበጥሶ አይረግፍም። ለድቡልቡል ማንሻ የተሠራው ትንሽ ማሽን ያጸዳዋል፣ ገልብጣችሁ ማጠብም መልሶ መውጣቱን ያዘገያል።

ረጅም ቃጫ ያለው ጥጥ ይህ ችግር ይቀንስበታል። ፒማ የሚባለው የጥጥ ዓይነት ከዚህ ወገን ነው፣ ምርጡ የግብፅ ጥጥም እንዲሁ። ሆኖም መለያው ላይ «የግብፅ ጥጥ» መባሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ ግብፅ ውስጥ የሚበቅለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እጃችሁን እመኑ። ጨርቁን በጣቶቻችሁ መሀል አሹት፣ ወደ ብርሃን አንሱት፤ ክሩ ቦታ ቦታውን ወፍሮ ቦታ ቦታውን ከሳሳ ተዉት።

ሸሚዝ ላይ 80፣ 100፣ 120 የሚሉ ቁጥሮች ካያችሁ የክሩን ቅጥነት ነው የሚናገሩት፤ ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይቀጥናል። ሻጭ ትልቁን ቁጥር እንደ ጥራት ደረጃ ያቀርብላችኋል። አትቀበሉት። 140ና ከዚያ በላይ የሆነው እጅ ላይ ሐር ይመስላል፣ ግን ቶሎ ይጨማደዳል፣ ቶሎም ይሳሳል። ለዘወትር ሥራ ከ80 እስከ 100 ሆኖ ሁለት ክር አንድ ላይ ተገምዶ የተሠራው ይበልጥብኛል።

ገና ጠዋት ተጨማደደ

ይህ ከጥራት ይልቅ ጨርቁ የተሸመነበት መንገድ ጉዳይ ነው። ፖፕሊን ልሙጥና ቀለል ያለ ነው፣ ለስብሰባ ያምራል፣ ግን ሲቀመጡበት ይጨማደዳል። ትዊል ላዩ ላይ ሰያፍ መስመር አለው፣ ሲወርድ ያምራል፣ ጭምድዱም ይቀንሳል። ኦክስፎርድ ወፍራምና ቅርጫት የመሰለ አሠራር ያለው ነው፣ ቢጨማደድም አያስጠላም፣ ግን ለከረባት ትንሽ ዘና ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው እኔ ትዊል እመርጣለሁ።

ካውያ የማይፈልገውስ? ጨርቁ በኬሚካል ሙጫ ተነክሮ፣ ቃጫዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንዳይታጠፉ ተደርገዋል። ይሠራል። ዋጋው ግን ቃጫው መዳከሙ ነው፣ አየርም እንደ ተራው ጥጥ አያሳልፍም፣ የኮሌታና የእጅጌ ጠርዝ ላይ ቶሎ ይበላል። ለሚጓዝ ሰው ጥሩ ነው፣ ለሙቀት ግን አልመክርም። ካልሆነ ሸሚዙን ገና እርጥበት እያለው ተኩሱት፤ የደረቀ ጥጥ ላይ ካውያ መግፋት ከንቱ ድካም ነው።

ከታጠበ በኋላ ጠበበ፣ አጠረ

ጥጥ ሲሸመን ተወጥሮ ነው፣ ውሃ ሲነካው ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። ሳንፎራይዝድ የሚባለው ጨርቅ አስቀድሞ በማሽን እንዲኮማተር የተደረገ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930 የአሠራሩን ፓተንት ካስመዘገበው ከሳንፎርድ ክሉየት ነው። ያም ቢሆን ትንሽ መቀነሱ አይቀርም፣ ስለዚህ አንገቱ ሲገዛ ልክክ ያለ ሸሚዝ አትግዙ። የጠበበውን ገና እርጥብ እያለ በእጅ ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ጥቂት ይመለሳል።

ቁልፍ ይረግፋል፣ የጎን ስፌቱ ይኮማተራል

ብዙ ማሽን ቁልፍ የሚሰፋው በአንድ ክር ሰንሰለት ነው፣ ጫፉ ከተሳበ ተተርትሮ ያልቃል። አዲስ ሸሚዝ እንደገዛችሁ ቁልፎቹን በእጅ አጠናክሩ፤ ከሥር ክሩን ጥቂት ጊዜ ጠምጥማችሁ ቋጥሩት። የጎኑ ስፌት ከታጠበ በኋላ ከተኮማተረ የክሩ ውጥረት ስለበዛ ነው፣ አርጥቦ ሳብ እያደረጉ መተኮስ ለጊዜው ያቃናዋል። ስትገዙ የስፌቱን ንክሻ እዩ። በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ 6ና 7 ከተቆጠረ ሰፊው ተጠንቅቋል፣ 3ና 4 ከሆነ ተጣድፏል። ባለመስመር ሸሚዝ ከሆነ ደግሞ የኪሱ መስመር ከደረቱ መስመር ጋር መግጠሙን ተመልከቱ። ይህን ለማስገጠም ጊዜ የሰጠ ሰፊ ሌላውንም አይለቅም።

የኮሌታው እጥፋት ተበላ

ይህ ሲሆን ሸሚዙ ሠርቷል፣ አልበደላችሁም። ጺም ያለው አንገት እጥፋቱን ይፈገፍገዋል፣ በስታርች ማድረቅም ቃጫውን እንዲሰበር ያደርገዋል። ቅርጽ ለመጠበቅ ኮሌታው ጫፍ የሚገቡ ቀጫጭን ፕላስቲኮች ካሉ ከመታጠቡና ከመተኮሱ በፊት አውጧቸው፣ ጫፉን ከውስጥ የሚበሱት እነሱ ናቸው። የተቀረው ገላ ደህና ከሆነ ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰዱት፤ ኮሌታውን ፈቶ ገልብጦ ሲሰፋው ያልተበላው በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ፕላስቲክ ለሚገባበት ኮሌታ ግን አይሆንም፤ ሲገለበጥ የፕላስቲኩ መግቢያ ከላይ ይታያል።