ካያክን ከዳር ወደ ፈጣን ጅረት ማስነሳት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ጀማሪዎች

ጀማሪ ካያክ (ውስጡ ተቀምጠው የሚቀዝፉት ጠባብ ጀልባ) ይዞ ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው ገና ከዳር ሲነሳ ነው። ስለዚህ አነሳሱን ፈጣን ውሃ ላይ አትማሩት። ሐረማያ ሐይቅ ውሃ በያዘበት ወቅት ከሁለቱም ከተሞች በመኪና የሚደረስበት የተኛ ውሃ ነው፤ መግባቱንም፣ ተገልብጦ ከጀልባው መውጣቱንም እዚያ ተለማመዱ።

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ግን እርሱት። ውሃው የሚወርደው ከደጋው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይጥል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ሌላ ወንዝ ላይም ከመግባታችሁ በፊት በውሃው ጠርዝ ድንጋይ አስቀምጡ። ለብሳችሁ እስክትጨርሱ ድንጋዩ ከተዋጠ፣ ወይም ውሃው ደፍርሶ ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ የዚያን ቀን ይቅር። አዋሽ ላይ ደግሞ አዞ አለ፤ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትነሱ።

የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ሄልሜት፣ የሚታሰር ጫማ ግድ ነው። ሽርጥና የተንጠለጠለ ገመድ እግር ያስራል። አንድ ሰው ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚወረወር ገመድ ይዞ ከመነሻው በታች ይቁም። እሱ ቦታውን ሲይዝ እናንተ ዳር ዳሩን ሂዱና የወደቀ ዛፍ ፈልጉ፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን ተጣብቆ ይቀራል። ዛፍ ካለ መነሻ ቀይሩ።

መነሻው ከቋጥኝ ወይም ከመታጠፊያ ጀርባ፣ ውሃው የሚያርፍበት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦታ ይሁን። ጀልባውን ከዳሩ አስጠግታችሁ የፊት ጫፉን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። መቅዘፊያውን ከመቀመጫው ጀርባ አጋድሙት፤ አንዱ ጫፍ መሬት ይንካ። ወደ መሬቱ ዘንበል ብላችሁ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ አስገቡ። ሙሉ ክብደት መቅዘፊያው ላይ ከጣላችሁ ይሰበራል። ወገባችሁ ላይ ታጥቃችሁ የመቀመጫውን አፍ የምትዘጉበትን የውሃ መከላከያ ሽፋን ከኋላ ጀምራችሁ ወደ ፊት ግጠሙ፤ ሽፋኑ ተስቦ የሚነቀልበት የፊት ማንጠልጠያ ውጭ መሆኑን በእጅ ዳስሱ። ውስጥ ከተቀበረ ስትገለበጡ ሽፋኑን መንቀል ያቅታል።

ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለት ሦስቴ ጠንክራችሁ ቅዘፉና በ45 ዲግሪ ገደማ ወራጁን ሰንጥቃችሁ ግቡ። ዝግ ካላችሁ ወራጁና የተኛው ውሃ የሚገናኙበት መስመር ላይ ትሽከረከራላችሁ። ጫፉ ወራጁን እንደነካ ጀልባውን በዳሌና በጉልበት ውሃው ወደሚሄድበት አዘንብሉት። በድንጋጤ ውሃው ወደሚመጣበት ጎን ከተደገፋችሁ ጠርዙ ይሰምጣል፣ ውሃው ወዲያው ይገለብጣችኋል።

በታንኳ ከሆነ አንድ ሰው ዳር ላይ ይዞ ያቆየው፤ መሃል ለመሃል ረግጣችሁ ግቡና ተንበርከኩ።

ከተገለበጣችሁ በጀርባ ተንሳፈፉ፤ እግራችሁ ወደ ታችኛው ወራጅ ቀድሞ ከውሃው በላይ ይታይ። ከጉልበት በላይ በሚሮጥ ውሃ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ደፍቶ ይይዛችኋል። ገመዱ ሲወረወርላችሁ በደረት ያዙት እንጂ እጅ ላይ አትጠምጥሙት።