ትምባሆ የሚጠቀም ሰው ምራቁንና አፉን እንዴት ይከታተል?

ጤናማ አዋቂ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል፤ ይህ ፈሳሽ ምግብን ከማለስለሱ በተጨማሪ ጥርስን የሚሸረሽረውን አሲድ ያዳክማል፣ በያዘው ካልሲየምና ፎስፌትም የጥርስን ገጽ ይጠግናል። ለዓመታት ሲጨስ ግን የምራቁ መጠንም ሆነ የመከላከል አቅሙ ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ በየጊዜው በቂ ብርሃን ባለበት መስታወት ፊት ቆመው ከንፈርዎን ገልብጠው ይመልከቱ፤ ምላስዎንም በንጹሕ ጨርቅ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሳቡ ጎኑንና ሥሩን ይፈትሹ። ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ እብጠት ወይም ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካገኙ፣ ባያምዎትም እንኳ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሱረት ከከንፈሩ ሥር የሚያኖር ሰው በተለይ ያንን ቦታ ይመርምር። «ድዴ አይደማም» ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ኒኮቲን የድድን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ሕመሙ ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። ብዙዎችን የሚያታልለው፣ በእኔ ግምት፣ ይኸው ነው።

አፍዎ ከደረቀ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጎንጩ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ያኝኩ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ ይቦርሹ። ጫት እየቃሙና ለስላሳ እየጠጡ ማጨስ (ልማዱ የታወቀ ነው) በደረቀ አፍ ላይ ስኳር ስለሚያክል ጥርስን ለመበስበስ ያጋልጣል። ሺሻም ቢሆን ጭሱ በውኃ ውስጥ በማለፉ ኒኮቲኑ ከጭሱ አይወገድም። እነዚህ ጥንቃቄዎች ሁሉ ጉዳቱን ያቀልሉ እንደሆነ እንጂ ማቆምን አይተኩም፤ በራሱ ማቆም ያቃተው ሰው ሐኪም ያማክር።