ዘዴውን እያወቃችሁ መልሱ ለምን ይሳሳታል?

የሒሳብ ጥያቄ ስትሠሩ ሕጉን ታውቃላችሁ፤ መልሱ ግን መጽሐፉ ጀርባ ካለው ጋር አልገጥም ይላል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ሁሉንም ሰርዞ እንደገና ይጀምራል። አትሰርዙ! ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት መስመር ላይ ነው ያለው፤ እሷን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ከታች ያልታወቀውን ቁጥር ሀ እንበለው።

ችግር፦ መልሱ ተሳስቷል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አይታይም

5 − 2(ሀ − 3) = 1 የሚለውን ሠርታችሁ −1 አገኛችሁ እንበል። ትክክለኛው መልስ 5 ነው። 5ን ወስዳችሁ ከላይ ጀምሮ በየመስመሩ ተኩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ 5 − 4 = 1፣ ልክ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ 5 − 2ሀ − 6 = 1 ብላችሁ ከሆነ፣ ስትተኩት −11 ይመጣል። ተገኘች! −2 በ−3 ሲባዛ +6 መሆን ነበረበት።

መፍትሄው ከቅንፉ ፊት ያለውን ቁጥር ከነምልክቱ ማባዛትና ለዚያ እርምጃ ሙሉ መስመር መስጠት ነው። በጭንቅላት መዝለል ፍጥነት ይመስላል፤ ፈተና ላይ ነጥብ የሚበላው ግን እሱ ነው።

መልሱ ከሌላችሁስ? ትንሽ ቁጥር ሞክሩ። (ሀ + 3)² እና ሀ² + 9 እኩል ይመስላሉ? ሀ 1 ሲሆን አንዱ 16፣ ሌላው 10 ነው። የጎደለው መሃል ላይ ያለው 6ሀ ነው።

ችግር፦ አንድ መልስ ጎደለ ወይም ተረፈ

ሀ² = 7ሀ ላይ ሁለቱን ወገን ለሀ ካካፈላችሁ 7 ብቻ ይቀራል፤ 0 ጠፋ። ዜሮ ሊሆን በሚችል ነገር አታካፍሉ። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጡና ሀ(ሀ − 7) = 0 ብላችሁ ጻፉ።

መትረፉ ደግሞ ስኩዌር ስታደርጉ፣ ማለትም ሁለቱን ወገን በየራሳቸው ስታባዙ፣ ይመጣል። √(ሀ + 6) = ሀ ሲሠራ 3 እና −2 ይወጣሉ። −2 ሲተካ በግራ 2፣ በቀኝ −2 ነው፤ ስለዚህ ይጣላል። ስኩዌር ማድረግ የምልክት ልዩነትን ያጠፋል፤ 2ም −2ም 4 ይሆናሉ። ስለዚህ ስኩዌር ባደረጋችሁ ቁጥር መልሶ መተካት ግዴታ ነው።

ችግር፦ ጂኦሜትሪው ሥዕሉ ላይ ልክ ይመስላል፣ መልሱ ግን ስህተት ነው

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ዓይን ነው። ጎኖቹ 5፣ 6 እና 8 የሆኑ ጎነ ሦስት ብትስሉ አንዱ ማዕዘን ቁርጥ 90 ዲግሪ ይመስላል። ግን በፓይታጎረስ ሕግ 90 የሚሆነው የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ስኩዌር ድምር ከረጅሙ ስኩዌር ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ እዚህ 25 + 36 = 61 ነው፣ 8² ደግሞ 64። ማዕዘኑ ወደ 93 ዲግሪ ይጠጋል። በፓይታጎረስ የተሠራ ሁሉ እዚያ ይበላሻል።

ሥዕሉን ራሳችሁ ድገሙት፤ ሆን ብላችሁም አጣሙት። የተሰጠውን ብቻ ምልክት አድርጉበት። ጥያቄው 90 ያላለውን እናንተም 90 አትበሉት።

ምንም አልጀምር ካለ፣ በተለይ ክብ ላይ፣ ከመሃሉ ክቡ ላይ ወደተሰጡት ነጥቦች ራዲየሶችን አስምሩ። ራዲየሶች እኩል ስለሆኑ ሁለት እኩል ጎን ያላቸው ጎነ ሦስቶች ይወጣሉ፤ ታንጀንት (ክቡን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚነካ መስመር) ካለ ደግሞ ራዲየሱ በሚነካበት ቦታ እውነተኛ 90 ዲግሪ ታገኛላችሁ።