የምርምር መነሻ ገንዘብ ከዩኒቨርሲቲያችሁ እንዴት ታገኛላችሁ? ለጎጃም መምህራን

ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ከሆነ የምርምር ጥሪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በቴሌግራም ሲመጣ ሳታዩ አትቀሩም። ብዙ ወጣት መምህር ግን ያነበውና “ለዚህች ብር ምን አለፋኝ” ብሎ ያልፈዋል። ያሳዝነኛል። ይህ ገንዘብ ትንሽ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ትልቁን ጥናት እንዲያሠራችሁ አልተያዘም። ነገ ከውጭ ትልቅ ገንዘብ ስትጠይቁ “ይኸው፣ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል” የምትሉበትን የመጀመሪያ መረጃ እንድትሰበስቡበት ነው።

ከምንም በላይ አጥብቄ የምለው ይህን ነው፦ ብሩ ሳያልቅ ጊዜው ያልቅባችኋል። ስለዚህ ስታቅዱ ከወራቱ ተነሱ፤ ብሩ ቀጥሎ ይመጣል።

1. ጥሪውን እስከ መጨረሻው አንብቡ

የትኩረት መስኮቹን፣ የገንዘቡን ጣሪያ፣ ማን ማመልከት እንደሚችልና የተሰጠውን ቅጽ እዩ። ያልተወራረደ የቀድሞ ጥናት ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ዝጉ። የኮሌጃችሁን የምርምር አስተባባሪም ጎራ ብላችሁ አነጋግሩት። ባለፈው ዙር ምን ዓይነት ፕሮፖዛል እንደወደቀ ከእሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

2. ጥያቄያችሁን አጥብቡ

ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። “በጎጃም የአፈር አሲዳማነት ችግርና መፍትሔው” የሚል ርዕስ በአንድ ዓመት አይሠራም፤ በአሥር ዓመትም ያንገዳግዳል። ጉዳዩ ግን እውነተኛ ነው። የጮቄ ተራራ ግርጌ ገበሬ ገብሱ እምቢ ሲለው ማሳውን ወደ እንግዶ (የአጃ ዓይነት ሰብል) የሚያዞረው ወዶ አይደለም። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አልሙኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል። ፎስፈረሱም ስለሚታሰር የተዘራው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሰፊ ጉዳይ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ የሚመለስ አንድ ጥያቄ እንዴት ይወጣል? ለምሳሌ እንዲህ፦ “በስናን ወረዳ በአንድ ቀበሌ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ኖራ የገባበት ማሳ ፒኤች ዛሬ ኖራ ካልገባበት የጎረቤት ማሳ ምን ያህል ይለያል?” ቦታው አንድ፣ የሚለካው ነገር አንድ፣ ንጽጽሩም አንድ ነው።

ሥራውም በቁጥር ይታያል። 20 ጥንድ ማሳ ብትወስዱ 40 ናሙና ይሆናል። ከእያንዳንዱ ማሳ ዚግዛግ እየሄዳችሁ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት አፈር ትወስዳላችሁ። የአጥር ሥር፣ የፍግ ክምር ያረፈበትና ኖራ የተራገፈበት ቦታ ይዘለላል። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ቀላቅላችሁ አንድ ኪሎ ያህል በከረጢት ታስቀራላችሁ፤ የማሳውን መለያ እዚያው ትጽፋላችሁ። ጥላ ላይ ይደርቃል፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል፣ ከዚያ አንድ እጅ አፈር በሁለት ተኩል እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይለካል። ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ የሥራ ዘዴው በዚህ መጠን ዝርዝር ይሁን። “ናሙና ተወስዶ በላብራቶሪ ይመረመራል” ብላችሁ ካለፋችሁ ገምጋሚው ሥራውን እንደማታውቁት ያስባል።

ደግሞም ውጤቱ ለቀጣዩ በር ይከፍታል። ከ40ው ናሙና አማካይ ልዩነቱን ብቻ ሳይሆን የማሳዎቹ ውጤት እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያይም ታገኛላችሁ። ለትልቁ ጥናት ስንት ማሳ እንደሚያስፈልግ የሚሰላው ከዚህ ነው። ይህችን አንድ አንቀጽ በፕሮፖዛሉ መጨረሻ ጻፏት፦ “ይህ ውጤት ሲገኝ ለሚከተለው ጥናት፣ ለእነዚህ ገንዘብ ሰጪዎች እናመለክታለን።”

3. የወራት ሠንጠረዥ ሥሩ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ያልተጠቀማችሁበት የመንግሥት በጀት ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። በወረቀት 12 ወር አላችሁ። ግምገማው፣ ውሉና የገንዘቡ መለቀቅ ሲቀነሱ የሚተርፋችሁ ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። ገንዘቡ ኅዳር ላይ ተለቀቀ እንበል።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። በዚያ ሰዓት ገበሬውን አስቀምጦ የአንድ ሰዓት መጠይቅ ማስሞላት ግፍ ነው፤ መልሱም የጥድፊያ መልስ ይሆናል። እነዚህን ወራት ለደብዳቤ፣ ለመጠይቅ ሙከራና ለመረጃ ሰብሳቢ ሥልጠና አድርጓቸው። ጥርና የካቲት ማሳው ባዶ፣ መንገዱ ደረቅ ነው፤ የመስክ ሥራችሁ እዚህ ይውደቅ። መጋቢት ለላብራቶሪ፣ ሚያዝያ ለትንተና፣ ግንቦት ለሪፖርት። ሰኔን ለማወራረድ ብቻ ተዉት። ያኔ ዝናቡም ገብቷል፣ ገበሬውም ዘር ላይ ነው፣ የፋይናንስ ክፍሉም በዓመት መዝጊያ ተወጥሯል።

የወር በዓላትንም ሠንጠረዡ ውስጥ አስገቡ። በ12፣ በ21፣ በ29 የጎጃም ገበሬ አያርስም። ለቃለ መጠይቅ ግሩም ቀን ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቤቱ ይገኛል። ማሳ ለመቆፈር ግን አትጠይቁት። አመጋገብ የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ ሁዳዴን ልብ በሉ። በጾም የተሰበሰበ የወተትና የእንቁላል መረጃ የዓመቱን አመጋገብ አያሳይም።

ባለፉት ዓመታት በክልሉ በቀጠለው የጸጥታ ችግር መንገድ እንደሚዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት እንደሚቋረጥ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ለከተማው የሚቀርብ ተለዋጭ ቀበሌ ከወዲሁ ጻፉ። ለመረጃ ሰብሳቢዎቻችሁ ደኅንነት ስትሉ፣ ሥራው መቼ እንደሚቆምና ማን እንደሚወስን አንድ መስመር ጨምሩ።

4. ቡድን

ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። የምታውቁት ሁሉ ስሙ አይግባ። ስታቲስቲክስ የሚችል አንድ ሰው ግን አይቅር፤ የሚጠራውም መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን ከመሰብሰቡ በፊት ነው።

5. በጀት

እያንዳንዱን መስመር በብዛትና በነጠላ ዋጋ ጻፉ፦ 40 ናሙና በአንዱ የምርመራ ዋጋ፣ ይህን ያህል ሰው በይህን ያህል ቀን በውሎ አበሉ ተመን። ለላብራቶሪና ለዕቃ ፕሮፎርማ አያይዙ። አብዛኛው ገንዘብ አበል የሆነ በጀት ገምጋሚን ያስጠረጥራል፤ እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ። ጥናቱ የሚፈልገውን ያህል አበል ያዙና ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

ዕቃ መግዛት የግድ ካልሆነ ተዋሱ። ግዥ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የተገዛውም በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ይሆናል። የሌላ ትምህርት ክፍል ፒኤች መለኪያ ካለ በትብብር ደብዳቤ ጠይቁ።

ገጠር ውስጥ ደረሰኝ የለም። መንገድ ለሚመራችሁ ሰው፣ ለጭነት አህያ፣ ለቀን ሠራተኛ የምትከፍሉት እንዴት እንደሚወራረድ ከመውጣታችሁ በፊት ፋይናንስን ጠይቁ። በተለምዶ ስም፣ ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ የገንዘቡ መጠንና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት የክፍያ ቅጽ ይፈለጋል። ቅጹን አባዝታችሁ ይዛችሁ ውጡ። ሲመለሱ ከትዝታ መሙላት ብዙ ጎበዝ ተመራማሪ ያስጨነቀ ነገር ነው።

6. ፈቃድና ደብዳቤ

ሰውን የሚነካ ጥናት ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ቶሎ ጀምሩ። የስምምነት ቃሉ በቀላል አማርኛ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ይሁን፤ አዊ ብሔረሰብ ዞን ከሆነ በአዊኛም። የትብብር ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲው ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። በፖስታ ከመጠበቅ በእጅ ማድረስ ይሻላል።

7. ገምጋሚዎች ፊት ስትቀርቡ

ስላይድ አታብዙ። ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ምን አዲስ ነገር አለው? በዚህ ገንዘብና ጊዜ ያልቃል ወይ? ማንን ይጠቅማል? አስተያየት ሲሰጣችሁ አትከራከሩ፤ ጻፉትና የተስተካከለውን ረቂቅ ከማብራሪያ ጋር መልሱ።

8. ገንዘቡ ከወጣ በኋላ

ገንዘቡ በክፍል በክፍል የሚለቀቅ ከሆነ የመጀመሪያው ሳይወራረድ ሁለተኛው አይወጣም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መስክ በተመለሳችሁ ሳምንት አወራርዱ። የላብራቶሪ ውጤት እስኪደርሳችሁ ደግሞ የትልቁን ጥናት ሁለት ገጽ ጭብጥ ጻፉ። በጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኘው ትዋስ የተባለው የዓለም ሳይንስ አካዳሚ፣ ለታዳጊ አገር ሳይንቲስቶች የምርምር ገንዘብ ይሰጣል፤ ጥሪዎቹን ተከታተሉ።

ለባለ ማሳዎቹም የየራሳቸውን የፒኤች ውጤት በግብርና ባለሙያው በኩል በወረቀት ላኩላቸው። ኖራ የሚገባው ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ከሚያዝያ መጨረሻ በፊት እጃቸው ይግባ።