ኪቦርዱን ቀዳሁት፣ ድምፁ ግን የለም፦ የሚዲና የኦዲዮ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ቀድቻለሁ፣ ግን ምንም አይሰማም

የሙዚቃ ኪቦርዱ በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቷል። ስትጫወቱ መቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ ትራኩ ላይ ትንንሽ ሰረዞች ተደርድረዋል። መልሳችሁ ስታጫውቱት ግን ጭጭ!

ኪቦርዱም ኬብሉም ደህና ናቸው። የተቀዳው ሚዲ ነው፤ ሚዲ ውስጥ ደግሞ ድምፅ የለም። የሚይዘው የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታና መቼ እንደተለቀቀ ነው። መሃለኛው ዶ ለምሳሌ ቁጥር 60 ነው፤ የአመታቱ ኃይል ከ1 እስከ 127 ይለካል። ይህን ተቀብሎ ወደ ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ ያስፈልጋል። ትራኩ ላይ የፒያኖ ወይም የፈለጋችሁትን ፕለጊን (ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ) ጫኑበት፤ ይሰማል።

"እኔ የምፈልገው የኪቦርዱን የራሱን ክራር ነው" ካላችሁ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ያ ድምፅ ያለው ኪቦርዱ ውስጥ ነው። በብዙ ኪቦርዶች ላይ ደግሞ በዩኤስቢ የሚያልፈው ሚዲ ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይን አውት (ከኪቦርዱ የድምፅ መውጫ ቀዳዳ)፣ እሱ ከሌለ ከሄድፎን ቀዳዳው፣ ወደ ሳውንድ ካርዱ ኬብል ዘርጉ። ድምፁን ቀነስ አድርጋችሁ ጀምሩና ቀዩ መብራት ሳይበራ የሚቻለውን ያህል ከፍ አድርጉት። ከዚያ ኦዲዮ ትራክ ከፍታችሁ ቅዱ። አሁን በሰረዞቹ ፋንታ ሞገድ ታያላችሁ።

ብትሰሙኝ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቅዱ። ኦዲዮው ድምፁን ያስቀርላችኋል። አንዲት ኖታ ብትበላሽ ደግሞ ሚዲው ላይ አርማችሁ፣ ወደ ኪቦርዱ መልሳችሁ ልካችሁ፣ ራሱ ሲጫወት እንደገና ትቀዱታላችሁ።

እኔ ጋ ክራር፣ ጓደኛዬ ጋ ፒያኖ

ዋሽንግተን ላለች ድምፃዊ የሚዲ ፋይል ብቻ ከላካችሁ፣ የሷ ኮምፒውተር ያለውን ድምፅ ይሰጣታል፤ ብዙ ጊዜ ፒያኖ ነው። እያንዳንዱን ትራክ ወደ ዋቭ፣ ማለትም ወደ ኦዲዮ ፋይል፣ ቀይራችሁ ላኩ። ሁሉም ከአንድ መነሻ ይጀምሩ። ቴምፖውንም (የዘፈኑን ፍጥነት) ጻፉላት።

ቁልፉን ስነካ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል

ኮምፒውተሩ ድምፁን ለማዘጋጀት ጊዜ እየወሰደ ነው። በ44,100 ሳምፕል ሬት (በሰከንድ በሚወሰዱ የድምፅ ናሙናዎች ብዛት) በፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያዘጋጀው የናሙና ብዛት፣ 1024 ከሆነ መዘግየቱ በሱ ብቻ 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ 128 ሲሆን ወደ 3 ይወርዳል። ስትቀዱ ቀንሱት፣ ስትሚክሱ ጨምሩት። ድምፁ መንጫጫት ከጀመረ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ የሳውንድ ካርዱን የራሱን አሲዮ (ASIO) ድራይቨር፣ መዘግየትን የሚቀንሰውን ሶፍትዌር፣ ምረጡ።

አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ድምፅ

ኪቦርዱም ፕለጊኑም አብረው እየተጫወቱ ነው። ኪቦርዱ ላይ ሎካል ኮንትሮልን፣ ማለትም ቁልፎቹን ከኪቦርዱ የራሱ ድምፅ ጋር የሚያገናኘውን፣ አጥፉ።

የሚዲ ማሲንቆዬ ማሲንቆ አልመስል አለ

የማሲንቆ ውበቱ ከኖታ ወደ ኖታ ሲንሸራተት ነው። የኪቦርድ ቁልፍ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ፒች ቤንድ (ኖታውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትተው መቆጣጠሪያ) ያግዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ከሁለት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) አያልፍምና ስፋቱን ፕለጊኑም ኪቦርዱም ላይ እኩል አስተካክሉ። የሚጫወት ሰው በአቅራቢያችሁ ካለ ግን ፕለጊኑን ተዉትና ጥሩት። አንድ ማይክ ፊቱ አቁማችሁ ኦዲዮ ቅዱ።